የእርቢ ውሻ

ላም በእርቢ ትሰጣለች፤ በግና ፍየልም እንዲሁ። ከብት የተረፈው ሰው ከብት ለሌለው አንዲት ጊደር ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ ያበላታል፣ ያጠጣታል፣ ከአውሬና ከሌባ ይጠብቃታል፤ ስትወልድ ልጆቿን ይካፈላሉ። ውሉ በወረቀት አይጻፍም። ከብቷ በተቀባዩ እጅ ሳለች ብትሞት፣ ያ ሰው ቆዳዋን ተሸክሞ ባለቤቱ ደጅ ይቆማል፤ እንዴት እንደሞተች ይናገራል፤ ሽማግሎች ይሰሙታል። ሞቱ ከላይ የመጣ ከሆነ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ከቸልታ የመጣ ከሆነ ግን፣ ከዚያ ወዲያ ዶሮ እንኳ አምኖ የሚሰጠው ሰው አያገኝም።

አቶ ደሞዝ ይህን ሕግ የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባታቸው በጎንደር ገጠር ርስት ያልነበራቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። በበረታቸው ከሚያድሩት ሦስት ላሞች ሁለቱ የሰው ነበሩ፤ ሦስተኛዋም ከእርቢ በድርሻ የተገኘች ጥጃ ሆና ያደገች ናት። በረቱን ያየ ሰው የሚያደንቀው የከብቱን ብዛት ሳይሆን፣ የሰው ከብት በእኚህ ሰው እጅ ማደሩን ነበር። ልጃቸው ደሞዝ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 በአውሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል ሲመጡ ከዚያ በረት ይዘውት የወጡት ሕጉን ብቻ ነው። ቤርሼባ ገብተው በአንድ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ ሕጉ የሚያስፈልግበት አጋጣሚ አልተፈጠረም። አጋጣሚው የመጣው ወገባቸው ታሞ ከፋብሪካ ከወጡና ስልሳ ዓመት ከተሻገሩ በኋላ ነው፤ የመጣውም በላም ሳይሆን በውሻ ነው።

ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ከከተማዋ ወጣ ብላ ወዳለችው ዖሜር እየሄዱ የሰው አትክልት ይንከባከቡ ነበር። ከሚሠሩባቸው ጓሮዎች አንዱ የሊሮን ነው። ሊሮን አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ቀጠሮ የማታዛንፍ ሴት ናት፤ በቤቷ ውሻ ታራባለች። የምታራባው የከነዓን ውሻ የሚባለውን ዘር ነው፦ ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ ወደ ጀርባው የተጠቀለለ፣ ጠጉሩ አሸዋ የሚመስል፣ ቁመቱ መካከለኛ። አቶ ደሞዝ በመጀመሪያው ቀን ሲያዩዋቸው የመንደር ውሾች አጥር ዘለው የገቡ መስሏቸው ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ብለው ነበር። በአገራቸው በየአውድማው ዳር የሚዞረው፣ ማንም ስም ያላወጣለት ውሻ ቁርጥ እርሱ ነው። ኋላ ሊሮን የእያንዳንዱን ውሻ የዘር ሐረግ እስከ ስድስተኛ ትውልድ የሚዘረዝር ወረቀት አወጣችላቸው። አቶ ደሞዝ የሚስታቸው ዘመዶች ወደ እስራኤል ለመግባት የገዛ ዘራቸውን ለማስመስከር ጎንደር ከተማ ስንት ዓመት እንደተቀመጡ አስታወሱ።

ውሾቹ ለእርሳቸው ይታዘዙ ነበር። እርሳቸው ጓሮ ሲገቡ ጩኸት ይቆማል፤ መቆፈሪያቸውን አስቀምጠው ሲቀመጡ አንዲት ዳማ መልክ ያላት ሴት ውሻ መጥታ ከእግራቸው አጠገብ ትተኛለች። ሊሮን ይህን ለአንድ ክረምት ያህል አየች። በግቢዋ ከሚፈቀድላት በላይ ውሾች ነበሯት። በመጨረሻም ሐሳቧን አቀረበች፦ ያቺ ሴት ውሻ ወደ እርሳቸው ቤት ትሂድ፤ ያብሏት፣ ያሳድሯት፤ አንድ ጊዜ ትውለድ፤ ከሚወለዱት ሊሮን ሁለቱን መርጣ ትወስዳለች፤ የቀሩት የእርሳቸው ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ እናቲቱም ሙሉ በሙሉ የእርሳቸው ናት። ለወሊድ የሚያስፈልገውን የሐኪም ወጪ ሊሮን ትችላለች።

አቶ ደሞዝ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ የአባታቸው በረት ፊታቸው ላይ ተደቀነ። ይህ እርቢ ነው። ሊሮን በሁለት ገጽ የጻፈችውን ውል ሳያነቡ ፈረሙ፤ ለእርሳቸው ፊርማው ትርፍ ነገር ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለቻቸው በዕብራይስጥ፤ በዚያ ቋንቋ አንቱታ የለም። «በምትወልድበት ቀን ብቻዋን እንዳትሆን። አጠገቧ ሆነህ በዓይንህ ጠብቅ። አንድ ነገር ከተጠራጠርክ በየትኛውም ሰዓት ደውልልኝ።»

«አይዞሽ» አሏት፤ ይህችን ቃል በአማርኛ ነው ያሏት።

አቶ ደሞዝ የሚኖሩት በቤርሼባ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ በአራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ከኋላ ጠበብ ያለች ጓሮ አለቻቸው። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት እርሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። ወይዘሮ ጽጌ ሽኩና ቤት በሚባለው ሌላ ሰፈር የምትኖር አንዲት አሮጊት ያጥባሉ፣ ይመግባሉ፣ መድኃኒቷን ይሰጣሉ፤ ሥራቸው ይህ ነው። የውሻዋን መምጣት ሲሰሙ አልተቆጡም። ውሻ ደጅ ነው፤ ደጅ ከሆነች እኔ ምን አገባኝ አሉ። ሊሮን በወረቀት የሰጠቻት ስም ሦስት ቃል ነበረው፤ አቶ ደሞዝ በመልኳ ዳማ ብለው ጠሯት።

ጎረቤታቸው አቶ አየሉ ግን ዝም አላሉም። አቶ አየሉ በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲካሰስ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠሪ ባጡበት ቀን ደግሞ ምላሳቸውን በጎረቤት ላይ ይስላሉ።

«አባትህ የሰው ላም ያረቡ ነበር» አሉ በአጥሩ ላይ ተደግፈው። «አንተ የሰው ውሻ ታረባለህ። የልጅህ ልጅ የሰው ድመት ያረባ እንደሆነ ዘራችሁ ሙያውን ጠበቀ ማለት ነው።»

«ውሻዋ ወረቀት አላት» አሉ አቶ ደሞዝ።

«አንተስ አለህ?»

ዳማ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት አቶ ደሞዝ የተረዱት ነገር ቢኖር፣ ውሻ ማርባት ከመውለዱ አስቀድሞ የሚጀምር ሥራ መሆኑን ነው። በከተማው የእንስሳት ሐኪም ቤት መመዝገብ፣ በቆዳዋ ሥር መለያ ማስቀበር፣ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስወጋት ያስፈልጋል፤ ማኅፀኗ ያልወጣ ውሻ ደግሞ የፈቃድ ክፍያዋ ይበዛል። ጠዋትና ማታ መውጣት አለባት። በክረምትም በሐሩርም ቀኑ አይታለፍም። ከሁሉ የከበዳቸው ግን የለቅሶ ነገር ነው። በማኅበረሰባቸው ሰው ሲሞት ዘመድ ከያለበት ከተማ ይሰበሰባል፤ ሰባቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ የቀረ ይታወቃል፣ ቀድሞ የተነሳም ይታወቃል። አቶ ደሞዝ በቂርያት ጋት ለሞቱት አጎታቸው ለቅሶ ሄደው በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት ተነሡ። ምክንያቱን ሲጠየቁ እውነቱን ተናገሩ፤ ውሻ ትጠብቀኛለች አሉ። ድንኳኑ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት የአጎታቸው ልጆች አይደውሉላቸውም።

ዳማ ሁለት ዓመት ሲሞላት ከሊሮን ወንድ ውሻ ጋር ተገናኘች። ሊሮን ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ አሰፈረች፤ ስድሳ ሦስት ቀን ቆጥራ የመውለጃዋን ሳምንት ነገረቻቸው። ወሊዱ ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ በመኪናዋ መጣች፤ ዝቅ ያለ ሰፊ የእንጨት ሣጥን፣ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ ሚዛንና ንጹሕ ጨርቆች አመጣች። ሣጥኑ ሳሎን ይቀመጥ አለች። ሙቀቷን በቀን ሁለት ጊዜ ለካ፤ በድንገት ከወረደ በማግሥቱ ትወልዳለች። ከአንዱ ቡችላ እስከ ሌላው ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ወይም እያማጠች ምንም ካልወጣ፣ ጠብቅ አትበል፤ ደውል። የተወለዱትን ወዲያው መዝን፤ እንዳይበርዳቸው። አቶ ደሞዝ ለእያንዳንዱ ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊሮን ራሳቸውን መነቅነቃቸውን እንደ እሺታ ወስዳ ሄደች።

አቶ ደሞዝ ያልነገሯት ነገር ነበር። ቴርሞሜትሩ የሚገባበትን ቦታ ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር፤ ከዚያ በኋላም ከመሳቢያ አላወጡትም። ሣጥኑም ሳሎን አልገባም። ወይዘሮ ጽጌ ደጅ ያሉት ደጅ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ አቶ ደሞዝ ራሳቸው ወሊድ ቤት ውስጥ ይሆናል የሚለውን ሊቀበሉት አልቻሉም። በጓሮው ጥግ ከአሮጌ ሳንቃ ትንሽ ጎጆ ሠሩ፤ ከላይ በቆርቆሮ ከደኑት፤ ሣጥኑን ከውስጥ አስገቡ፤ በሩን ወደ አጥሩ አዞሩት። ከዚያም ከሊሮን ግቢ ሲቆፍሩ ያወጧቸውንና ለአትክልት ብለው ያከማቿቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሡ በጎጆው ዙሪያ በግማሽ ክብ ደረደሩ። ለምን እንደደረደሩ ቢጠየቁ መልስ ባላገኙ ነበር። እጃቸው ነው የደረደረው።

በእርሳቸው መንደር ወላድ ቤቷ አትወልድም ነበር። ከመንደሩ ዳር የአራስ ጎጆ አለ፤ በዙሪያው ድንጋይ ይደረደራል። ምጥ የያዛት ሴት ወደዚያ ትሄዳለች፤ ሴቶች ይከተሏታል። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን እዚያው ትቀመጣለች። ምግብ ከድንጋዩ ማዶ ይቀመጥላታል። ወንድ ድንጋዩን አይሻገርም፤ ባልም ቢሆን። ባል ከማዶ ቆሞ እልልታ ይጠብቃል፤ እልልታ ካልተሰማ እስኪሰማ ይጠብቃል። ሌላ ሥራ የለውም። አቶ ደሞዝ አምስት ልጅ ወልደዋል፤ ሁለቱ በእስራኤል ሆስፒታል ውስጥ ነው የተወለዱት፤ ያኔም የቆሙት ከኮሪደሩ ነው። ሕጉ ለውሻ እንዳልተሠራ ያውቃሉ። ሆኖም ወላድን አለማየት ማክበር ነው፤ ከዚህ ሌላ የአክብሮት መንገድ የተማሩበት ቦታ የለም።

የመውለጃዋ ቀን ሐሙስ ሆነ። ዳማ ጠዋት ምግቧን ሳትነካ ወደ ጎጆው ገባች። ወይዘሮ ጽጌ ወደ ሥራ ወጥተው ነበር። አቶ ደሞዝ አንድ ሳሕን ውሃ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ከማዶ ተክለው ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ ድምፅ ተጨመረበት። አቶ ደሞዝ ባርኔጣቸውን አውልቀው አመሰገኑ። አቶ አየሉ ድምፁን ሰምተው መጡ፤ ሌላ ወንበር ወጣላቸው፤ ሁለቱ ሽማግሎች ፊታቸውን ወደ ጎጆው ጀርባ አድርገው ተቀመጡ።

«እልል የሚል አልመጣም» አሉ አቶ አየሉ። «ውሻ ሴት ጎረቤት የላትም ማለት ነው።»

ቀትር ሆነ። ከጎጆው የሚሰማው የሁለቱ ቡችሎች ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከዳማ በኩል አልፎ አልፎ አጭር ማቃሰት ይመጣል፤ ኋላ እርሱም ቀረ። አቶ አየሉ ለምሳ ሄዱ። ሊሮን ደወለች። ሁለት ወለደች አሏት። ስንት መዘኑ ብላ ጠየቀች። ደህና ናቸው አሏት። ዳማስ? ዐርፋለች አሉ፤ ከዚያም በዚያች አገር ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር የሚመልሳትን መልስ መለሱ፦ «ሀኮል በሴደር»፣ ሁሉም ደህና ነው። አላዩም ነበር። የዋሹ አልመሰላቸውም። ከድንጋዩ ማዶ የቆመ ሰው የሚናገረው የሰማውን ነው፤ የሰሙትም ጸጥታ ነው።

ወይዘሮ ጽጌ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ቦርሳቸው ከትከሻቸው ሳይወርድ ወደ ጓሮው ብቅ አሉ። ባላቸው ወንበር ላይ፣ ውሃው እንደተሞላ፣ ጎጆው ጸጥ እንዳለ አዩ።

«ወለደች?»

«ሁለት።»

«መቼ?»

«ሁለተኛው ከቀትር በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ዐርፋለች።»

ወይዘሮ ጽጌ ቦርሳቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ድንጋዩን ተሻግረው፣ በሥራ ልብሳቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ራሳቸውን ወደ ጎጆው አስገቡ። ዳማ በጎኗ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል፤ ሆዷ ሲኮማተር ይታያል፤ ጉልበት ግን የላትም። ከሥሯ ያለው ጨርቅ ጥቁር አረንጓዴ በሆነ እርጥበት ርሷል። ከሁለቱ ቡችሎች አንዱ ከእናቱ ተንከባሎ ርቆ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዟል። ወይዘሮ ጽጌ አንሥተው ጡታቸው ሥር ሸጎጡት። ከዚያም ዞረው፣ ከድንጋዩ ማዶ የቆሙትን ባላቸውን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እኔንም ያኔ እዚያው ቆመህ ነው የጠበቅከኝ» አሉ።

የመጀመሪያ ልጃቸው በዚያ በአራስ ጎጆ ውስጥ ሞቶ ተወልዷል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚያ ዓመታት ስለዚያ ቀን በመካከላቸው አንድ ቃል አልተነገረም ነበር።

አቶ ደሞዝ ስልኩን አወጡ። ጣታቸው ቁጥሩ ላይ አንድ አፍታ ቆመ። የሰው ከብት በእጃቸው እየሞተች ነው፤ ይህንንም ለባለቤቷ የሚናገሩት እርሳቸው ናቸው። ደወሉ። ሊሮን አልጮኸችም፤ ሁለተኛው ከተወለደ ስንት ሰዓት እንደሆነው ብቻ ጠይቃ ዘጋች። ከሩብ ሰዓት በኋላ መኪናዋ በር ላይ ነበረች። ዳማን በአንሶላ ተሸክመው ያወጧት አቶ ደሞዝ ናቸው፤ ሲሸከሟት ድንጋዩን መሻገራቸውን አላስተዋሉም።

ኢታይ የተባለው የእንስሳት ሐኪም ወጣት ነው። ውሻዋን መርምሮ ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገባት። ሦስተኛው ቡችላ በማኅፀኗ በር ላይ ተጣሞ መንገድ ዘግቷል፤ ሞቷል። ከኋላው ያለው አራተኛውም ሞቷል። አምስተኛዋ፣ ከሁሉ ትንሿ ሴት፣ በሕይወት ወጣች። ማኅፀኑ ሊተርፍ የሚችል አልነበረም፤ ወጣ። ኢታይ ጓንቱን እያወለቀ ወደ መጠበቂያው ክፍል መጣ፤ ለመዝገቡ እንዲሆነው ስትወልድ ማን አጠገቧ እንደነበረ ጠየቀ። ሊሮን ወደ አቶ ደሞዝ ዞረች። በዚያች ቅጽበት ቀላል መልስ ነበር፤ ውሻዋ ኋላ ድምፅ አላሰማችም ቢሉ ውሸት አይሆንም፤ ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቃቸውም።

«እኔ ነበርኩ» አሉ አቶ ደሞዝ። «ከማዶ ነበርኩ። አልገባሁም።»

ኢታይ ጻፈ።

ሦስቱ ቡችሎችና እናታቸው ወደ ሽኩና ቫቭ ተመለሱ፤ ሊሮን ወደ ዖሜር ልትወስዳቸው አስባ ነበር፤ ወይዘሮ ጽጌ ግን እዚህ ይደጉ አሏት፤ ሣጥኑን ከጎጆው አውጥተው፣ አጥበው፣ ራሳቸው ሳሎን መካከል አኖሩት። የዳማ ወተት አነስተኛ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቡችሎቹ በየሁለት ሰዓት ተኩሉ በጡጦ መመገብ ነበረባቸው፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ እናት በምላሷ እንደምታደርገው ሆዳቸውን በሞቀ እርጥብ ጥጥ ማሸት፣ አለዚያ ሽንታቸው አይወርድም፤ ጠዋትና ማታ መመዘን፤ ክብደቱ ያልጨመረውን ለይቶ መመገብ። ሙቀት መስጫ ከሣጥኑ በላይ ተሰቀለ፤ ወይዘሮ ጽጌ ከዓመት ዕረፍታቸው ስድስት ቀን ወሰዱ። ሥራው የተከፋፈለው ያለ ንግግር ነው። አቶ ደሞዝ የቁስሏን ፋሻ መቀየር፣ ሙቀቷን መለካት ተማሩ፤ ቴርሞሜትሩ ከመሳቢያ ወጣ። የሐኪሙን ሒሳብ ሊሮን ከፈለች፤ ውሉ የሚለው እንደዚያ ነው። የጓሮ ሥራቸው ግን ለአንድ ወር ቀረ፤ ወገባቸው ከሣጥኑ ላይ ሲጎነበሱ እየታመመ አንዳንድ ቀን በጉልበታቸው ይሄዱ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ቡችላ በጡጦ ይመግቡ ነበር። አቶ ደሞዝ ዓይናቸውን ከጡጦው ሳያነሡ ተናገሩ።

«ያን ጊዜ ስንት ቆየሽ?»

ወይዘሮ ጽጌ የትኛውን ጊዜ ብለው አልጠየቁም። «ከንጋት እስከ ማግሥቱ ቀትር።»

«እስከ ማታ ድምፅሽን እሰማ ነበር። ኋላ ዝም ስትዪ ቀለላት አልኩ።»

«ጉልበቴ አልቆ ነው።»

«ብገባ ኖሮ?»

«ብትገባ ምን ታመጣ ነበር? ሐኪሙ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሴቶቹም የሚያውቁትን ሁሉ አድርገዋል።» ወይዘሮ ጽጌ የቡችላዋን አፍ በጣታቸው ጠረጉ። «ለዚች ግን ስልክ ነበረህ።»

አቶ ደሞዝ ጡጦውን ቀና አድርገው ያዙላት። ቡችላዋ ጠብታ ሳታስቀር ጠጣች።

ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ሊሮን ልትመርጥ መጣች። ጓሮው ውስጥ አራት የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ የቡችሎቹም ሣጥን ከሳሎን ወጥቶ አገኘች፤ በአንዱ ላይ አቶ አየሉ ኮትና ባርኔጣ አድርገው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። አቶ ደሞዝ ለሽምግልና ጠርተዋቸው ነው። አቶ አየሉ በመጀመሪያ ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ የጎረቤታቸውን ፊት ባዩ ጊዜ ግን ሄደው ኮታቸውን ለበሱ።

አቶ ደሞዝ ቆመው ተናገሩ፤ መጀመሪያ በአማርኛ ለሽማግሌው፣ ቀጥሎም በዕብራይስጥ ለሊሮን። ውሻዋ በእርቢ ተሰጥታኝ ነበር። በምትወልድበት ቀን እንዳልለያት ቃል ሰጥቻለሁ። ከማዶ ተቀመጥኩ። በዚህም ሁለት ሞቱ፤ እናቲቱም ከእንግዲህ አትወልድም። ቆዳ የለኝም፤ የማሳየው ይህን ነው ብለው የሐኪሙን ወረቀት በሽማግሌው ጉልበት ላይ አኖሩ። ሦስቱም ቡችሎች የባለቤቷ ናቸው፤ እኔ ድርሻ የለኝም።

አቶ አየሉ ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ግን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ሕጉ እንዳልከው ነው» አሉ። «ከብት በቸልታ ያጠፋ ድርሻ የለውም።»

ሊሮን ነገሩ ፍርድ መሆኑን የተረዳችው ዘግይታ ነው። ከተረዳች በኋላም ቸልታውን ለማቃለል አልሞከረችም። በውሉ ሁለት የእኔ ናቸው፤ ሁለት እወስዳለሁ አለች፤ ያልተጻፈውን አልወስድም። ከዚያም ወደ አቶ ደሞዝ ዞራ፣ ሌላ ውሻ ለማርባት እንደማትሰጣቸው በግልጽ ነገረቻቸው። ለጓሮው ግን እሑድ እንዲመጡ ትፈልጋለች።

«ልክ ነሽ» አሉ አቶ ደሞዝ። የጠበቁት ይህንኑ ነበር፤ ቢሆንም ሲሰሙት ተቀመጡ።

ሊሮን ሁለቱን ወንዶች መረጠች። ትንሿ ሴት በሣጥኑ ጥግ ቀረች። ሊሮን አልወሰደቻትም፤ አቶ ደሞዝም አልነኳትም። አቶ አየሉ አንዱን አይተው ሌላውን አዩ።

«ሽማግሌ በፈረደበት ቀን ጠጅ ይጠጣል፤ ጠቦት ይታረድለታል» አሉ። «ቡችላ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የተመለሰ እኔ አላውቅም። ወስኑ።»

ወይዘሮ ጽጌ እስከዚያ ድረስ በበሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። መጥተው ቡችላዋን ከሣጥኑ አነሡ።

«ድርሻ የሚገባው ለጠበቀ ነው» አሉ። «ድንጋዩን የተሻገርኩት እኔ ነኝ።»

አቶ አየሉ በትራቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መቱ። በዚህ ላይ ሌላ ነገር የሚጨምር አልተገኘም፤ ሊሮንም ወይዘሮ ጽጌ ያሉት ተተርጉሞላት ሲያበቃ፣ ልክ ነው አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ደሞዝ ጎጆውን አፈረሱት። ድንጋዮቹን በጓሮው ባለች አንዲት የሮማን ዛፍ ሥር አከማቿቸው። ዳማ አሁንም ከእርሳቸው ጋር ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ከቁስሏ ሙሉ በሙሉ ድናለች፤ ደረጃ ስትወርድ ብቻ ቀስ ትላለች። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቀድመው ሲነሡ ዘመዶቻቸው ዛሬም ያስተውላሉ።

ቡችላዋ ሦስት ወር ሲሆናት ወይዘሮ ጽጌ ክትባት ሊያስወጓት ወደ ከተማው የእንስሳት ሐኪም ቤት ወሰዷት። ጸሐፊዋ በባለቤት ስም መስመር ላይ ጽጌ ብላ መዘገበች። ለእርባታ ናት ወይ ብላ ጠየቀች። አይደለችም አሉ ወይዘሮ ጽጌ፤ ማኅፀኗ የሚወጣበትን ቀን አሁኑኑ ስጪኝ። ጸሐፊዋ ቀኑን ሰጠቻቸው። አቶ ደሞዝ የቡችላዋን ማሰሪያ ይዘው ከኋላ ቆመው ነበር። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲጠራቸው፣ ወይዘሮ ጽጌ ቡችላዋን አቅፈው ገቡ፤ አቶ ደሞዝም ከደጃፉ ላይ አልቀሩም፤ ተከትለው ገቡ።